ቆሞ የነበረውን ባጃጅ በኤዲት አስሮጥኩት፤ የተለጠፈ መሰለ፤ ምን አጠፋሁ?

ጠባሴ ሌንስ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ የመንገድ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ አንድ ፎቶ ለጥፌያለሁ። እስቲ እዩልኝና ሳትሳሱ ንገሩኝ።

የተነሳው ጠባሴ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ። የነሐሴ ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። አስፋልቱ መስታወት መስሏል። አንድ ባጃጅ ከሱቆቹ ፊት ቆሟል። የሱቁ መብራት ውሃው ላይ ተዘርግቷል። ሹፌሩ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ፊት ለፊቱን ያያል። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400።

ቤት ገብቼ ሳየው ግን ሞተብኝ። ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። የዚህን መንገድ ማታ የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው ፋታ የለውም። ያ ግርግር ፎቶው ውስጥ የለም።

ስለዚህ ፎቶሾፕ ውስጥ ገባሁ። ባጃጁን ለብቻው ቆርጬ አወጣሁ። የቀረውን በሙሉ በሞሽን ብለር፣ በእንቅስቃሴ ብዥታ ማለት ነው፣ አስሮጥኩት። ርቀቱን 600 ፒክስል አደረግኩ፣ አንግሉን ዜሮ። ፓኒንግ እንዲመስል ነው ሐሳቤ፤ ካሜራዬ ባጃጁን ተከትሎ የዞረ ያህል። ከኋላ ጎማው አጠገብ የሚረብሽ ነገር ስለነበረ በክሎን፣ የጎኑን ቀድቼ በላዩ በመሸፈን፣ አጠፋሁት።

ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ሲሉት ግን ባጃጁ ከሌላ ፎቶ መጥቶ የተለጠፈ ይመስላል። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማታ ላይ ይህን ዘዴ የምትጠቀሙ ካላችሁ እንዴት ነው የምትሠሩት?


ሰላ ድንጋይ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡41

ወንድሜ ቀለሙ ደስ ይላል። ሰማያዊውና ቢጫው ተስማምቷል። እኔ ስልኬ ላይ ስላየሁት አልታወቀኝም።


በሬሳ ዳር
ሐሙስ፣ ማታ 5፡30

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከብዥታ ጋር ነው የምውለው። ፎቶህን አውርጄ አጉልቼ አየሁት። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን አምስት ስድስት ቦታ ራሱን ያጋልጣል።

መጀመሪያ የባጃጁን ዳር ተመልከት። ከጣሪያው ኋላ ሰማያዊ ጭስ የመሰለ ነገር አለ። ያ የባጃጁ የራሱ ቀለም ነው። ቆርጠህ ስታወጣው ከታች ያለው ሌየር (ንጣፍ) ላይ ባጃጁ አሁንም አለ፤ ብለሩ እሱንም አብሮ አሸሸው፣ ጎትቶ አደበዘዘው። ከማሸሽህ በፊት ከታች ያለውን ባጃጅ አጥፋው። ቦታውን በግድግዳውና በአስፋልቱ ሙላ። ሻካራ ቢሆን ግድ የለም፣ ብለሩ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ አሽሸው።

ሁለተኛው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ማታ ላይ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የሱቁን አምፖል እይ። በእውነተኛ ፓኒንግ አምፖል ደማቅ መስመር ይሰራል፤ እንደ ክር የጠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ። ያንተው ግራጫ ጉም ሆኗል። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ተራ ፋይል ውስጥ የነጭ ጣሪያ 255 ነው። አምፖሉ 20 ፒክስል ቢሰፋና በ600 ፒክስል ላይ ብትበትነው ለእያንዳንዱ ፒክስል 8 ወይም 9 ብቻ ይደርሰዋል። ጥቁር ማለት ነው። እውነተኛው አምፖል ግን ከዚያ ነጭ ብዙ እጥፍ ያበራል፤ ካሜራው ነው 255 ላይ የቆረጠው። ስለዚህ ፋይሉን ወደ 32 ቢት ቀይር፤ ከነጭ በላይ ያለውን ብርሃን የሚይዝ ነው። አምፖሎቹንና የመኪና መብራቶቹን ብቻ ምረጥ። ኤክስፖዠራቸውን (የብርሃን መጠናቸውን) ሦስት አራት ስቶፕ ከፍ አድርግ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል። ከዚያ ብለር ስጠው። መስመሩ ወዲያው ሲወጣ ታየዋለህ።

ሦስተኛ፣ ኖይዙ። አይ ኤስ ኦ 6400 ላይ ፎቶው በሙሉ እህል እህል ይላል። አንተ ከኋላ ያለውን ስታሸሸው እህሉም አብሮ ታጠበ። ባጃጁ ግን እህሉን እንደያዘ ነው። ዓይን ይህን በስም አያውቀውም፤ ግን የተለጠፈ ነው የሚለን እሱ ነው። በመጨረሻ ከላይ አንድ ዓይነት ኖይዝ በሁሉም ላይ አልብስ።

የባጃጁን የፊት መስታወት ደግሞ አጉልተህ እይ። የሱቁ ጽሑፍ እዚያ ላይ ተገልብጦ ይነበባል። ሱቁ ራሱ ከኋላ አይነበብም፣ መስታወቱ ላይ ግን ቁልጭ ብሏል። ባጃጁ ቢሮጥ ኖሮ መስታወቱ ጥርት እንዳለ ይቆይና ጽሑፉ ይሸሽ ነበር። ጎማዎቹም አልዞሩም። የቸርኬው ብሎኖች ይቆጠራሉ።


ጠባሴ ሌንስ
ሐሙስ፣ ማታ 5፡52

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። የመስታወቱን ጽሑፍ አሁን ሳየው ገረመኝ። ሳምንት ሙሉ ስሠራበት አላየሁትም። ለጎማው ምን ልጠቀም? ደግሞ ራቅ ያሉትን ቤቶች ትንሽ፣ ቅርብ ያሉትን ብዙ ማሸሽ አለብኝ?


በሬሳ ዳር
ሐሙስ፣ ሌሊት 6፡15

ለጎማው ስፒን ብለር፣ በክብ የሚያሸሽ፣ አለ። ከፎቶሾፕ ሲሲ 2014 ጀምሮ ከፓዝ ብለር፣ አንተ በሳልከው መስመር ከሚያሸሸው፣ ጋር አብሮ መጥቷል። ክቡን በጎማው ልክ ታስቀምጣለህ፤ ጎማው ሞላላ ከሆነ ሞላላ ታደርገዋለህ።

ስለ ርቀቱ የጠየቅከው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓኒንግ ላይ አንተ ባለህበት ቆመህ ካሜራውን ብቻ ነው የምታዞረው። ስለዚህ የቆመ ነገር በሙሉ እኩል ይሸሻል። ቅርብ ያለው ምሰሶም፣ ሩቅ ያለው ቤትም በአንድ ልክ። ቅርቡ ብዙ፣ ሩቁ ትንሽ የሚሸሸው አንተ ራስህ መኪና ውስጥ ሆነህ ስትሄድ ነው። ሁለቱን አታደባልቅ። በፓኒንግ ላይ የሚለየው ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ከባጃጁ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚራመድ ሰው ትንሽ ያንስበታል። ከፊት የሚመጣ መኪና ደግሞ እጥፍ ይሸሻል።

አሁን ትልቁ ነገር። 600 ፒክስል ከየት አመጣኸው? ባጃጁ ፎቶው ላይ 1,000 ፒክስል ያህል ይረዝማል። እውነተኛው ባጃጅ 2.6 ሜትር አካባቢ ነው። በፓኒንግ ከኋላ ያለው ነገር የሚሸሸው ባጃጁ በዚያች ቅጽበት በሄደበት ልክ ነው። ሻተሩ 1/15 ነው ብለን እንያዝ፤ ማታ ላይ ፓኒንግ የሚሠራበት ነው። 600 ፒክስል ማለት ባጃጁ በአንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሄዷል ማለት ነው። በሰዓት ሲሰላ 84 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ባጃጅ፣ በዝናብ፣ በጠባሴ።

በ30 ቢሄድ ኖሮ 55 ሳንቲ ሜትር ነበር የሚሄደው። ያ 210 ፒክስል ነው። ጎማውም ግማሽ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ያን ልኬት ተጠቀም። የብለሩ ቁጥር የፍጥነት ቆጣሪ ነው፤ ዝም ብሎ አይጎተትም።


ሮቢት ማታ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡05

እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። እዚህ ሙቀት ስለሆነ ማታ ሰው ሁሉ ደጅ ነው፤ ለመንገድ ፎቶ ይመቻል። ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ነው የምሠራው። ፎቶሾፕም የለኝም።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስልኬን ግድግዳ አስደግፌ በተከታታይ 16 ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ጂምፕ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሬ አማካያቸውን አወጣለሁ። የመጀመሪያው ሌየር መቶ በመቶ፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 33፣ አራተኛው 25፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። የቆመው ጥርት ይላል፤ የሚሄደው ይሸሻል። ኖይዙም ይቀንሳል፤ 16 ፎቶ ሲደባለቅ ወደ ሩብ ይወርዳል። ርካሽ ስልክ ላይ ለውጡ ትልቅ ነው።

ይህም ሰው ሠራሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። ግን እንቅስቃሴው የሰዎቹ የራሳቸው ነው። እኔ አልጨመርኩም። አንድ ጉድለት አለው። በፎቶና በፎቶ መሃል ክፍተት ስላለ የባጃጁ መብራት መስመር አይሆንም፤ የተቆራረጠ ነጠብጣብ ይሆናል።

አዳዲስ ስልክ ያላችሁ ደግሞ እዚያው ውስጥ አለላችሁ። አይፎን ላይቭ ፎቶውን ወደ ሎንግ ኤክስፖዠር፣ ረጅም ጊዜ ተከፍቶ የተነሳ ወደሚመስል ፎቶ፣ ይቀይራል። የጉግል ፒክስል ስልክም ከፒክስል 6 ጀምሮ ስልኩ ራሱ ፓኒንግ የሚያስመስልበት አለው። እሱ ግን ከኋላ ያለውን በስሌት ነው የሚያሸሸው፤ የፀጉርና የነጠላ ጫፍ ላይ ይሳሳታል።


በሬሳ ዳር
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡30

እህቴ ስለ ነጠብጣብ ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የካሜራ ፓኒንግም ላይ ነጠብጣብ አለ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም። ካሜራ ሲዞር ግን የአምፖሉ መስመር እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ይሆናል። በ1/15 ስድስት ወይም ሰባት ፍሬ ትቆጥሪያለሽ። የሰው ፎቶ ላይ ፍሬዎቹን ቆጥሬ ሻተሩን አውቃለሁ። ሰው ሠራሽ ብለር ይህን አይሠራም፤ መስመሩ ለስላሳ ነው።


ሰላ ድንጋይ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡12

እኔ የቤተ ክርስቲያን ፎቶ ነው የማነሳው፣ አስፈቅጄ። አምና ለከተራ ሌሊት ታቦቱ ባደረበት ሜዳ ሽብሸባውን አነሳሁ። ፍላሽ አልጠቀምም። በ1/200 ስላነሳሁት ሁሉም ደርቀው ቀሩ። እኔም እንደ ጠባሴ ሌንስ ሞሽን ብለር ሞከርኩ። ደብተራዎቹ ወደ አንድ ጎን የሚወድቁ መሰሉ። ደነገጥኩና አጠፋሁት።

በኋላ በእውነተኛው በግማሽ ሰከንድ አንስቼ ሳወዳድር ገባኝ። ሽብሸባ ይሄዳል ይመለሳል። ወደ ቀኝ ሲደርስ ትንሽ ያርፋል፣ ወደ ግራም ሲደርስ እንዲሁ። መሃሉን ግን በፍጥነት ያልፈዋል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ነጩ ልብስ ሁለቱ ጫፍ ላይ ወፍሮ መሃሉ ላይ ይሳሳል። መቋሚያው ሁለት ይመስላል። ጽናጽሉ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል። አንዱ ጧፍ የሠራው መስመር እንደ ጨረቃ ጎብጧል። ያንን ምን ዓይነት ማሽን ይሠራዋል?


በሬሳ ዳር
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡20

ጉብጠቱን ፓዝ ብለር ይሠራዋል፣ መስመሩን በእጅህ ታጎብጠዋለህ። ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያርፈውን ግን ራስህ ሁለት ሌየር አድርገህ መሥራት አለብህ። እውነቱን ለመናገር ለሽብሸባ እኔም አልሞክረውም።


የድሮ ፎቶ ቤት
ዓርብ፣ ከሰዓት 8፡45

ልጆቼ ሳነባችሁ ቆየሁ። እኔ ፊልም በሚታጠብበት ዘመን ፎቶ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያኔ የተንቀሳቀሰ ፎቶ ኪሳራ ነበር። የመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ትንፋሹን ሁሉ እንዲይዝ እናደርግ ነበር። ልጅ ይዛ የመጣች እናት ልጁ ከተነቃነቀ ፎቶውን አትቀበልም፤ እንደገና በነጻ ማንሳት ነው። አሁን እናንተ ብዥታውን ፈልጋችሁ ስትጨምሩ ሳይ ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። ማታ ከተማው እንደሚንቀሳቀስ እኔም አውቃለሁ። ማሳየት ነበር ያቃተኝ።

አንድ ፎቶ ላስታውሳችሁ። በ1838 እ.ኤ.አ. ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫርድ ዱ ቶምፕል የሚባለውን ጎዳና ከከፍታ ላይ አነሳ። ቀን ነው፤ ጎዳናው በሰውና በሠረገላ የተሞላ ነበር። ብርሃኑን ለመቀበል ግን ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር የሄደ ሁሉ ጠፋ። ባዶ ጎዳና ሆነ። ለይቶ የሚታይ አንድ ሰው ቀረ። ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር እግሩን አንስቶ ቆሟል። ሰው ከታየባቸው ፎቶዎች ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ሊስትሮ ጋ ባይቆም ኖሮ አናየውም ነበር።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ያ ፎቶ ጎዳናው ባዶ ነበር ይላል፤ ባዶ አልነበረም። ግን ያስወጣቸው ጊዜው ራሱ ነው፣ ዳጌር አይደለም። ጠባሴ ሌንስ፣ አንተ ከጎማው አጠገብ በክሎን ያጠፋኸው ነገር ምን ነበር? እሱን ሳትነግረን አለፍክ።


ጠባሴ ሌንስ
ዓርብ፣ ማታ 1፡30

ጋሼ፣ እግር ነበር። የአንድ ሰው እግርና የከዘራ ጫፍ። ባጃጁ እየሮጠ እግር መሬት ላይ ከቀረ አያስኬድም ብዬ ነው።


መንዝ ጓሳ
ዓርብ፣ ማታ 1፡48

እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። ብለሩ ሌላ፣ እግር ማጥፋት ሌላ።


የሹፌሩ እህት (አዲስ አባል)
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የተመዘገብኩት ይህን ለመጻፍ ነው። ስለ ካሜራ አላውቅም፤ ፎቶው ግን ይመለከተኛል።

ባጃጁን የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። ታርጋው አይታይም፤ ሸራው ላይ ያለችውን የእርግብ ሥዕል ግን ከተማው በሙሉ ያውቃታል። እኔ ነኝ የሳልኩለት። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ዞሮ ማኅበራቸው ደረሰ። ሰው በሚበዛበት፣ በዝናብ፣ እንዲህ ትበራለህ ወይ ብለው ሁለት ቀን ከሥራ አገዱት። ቆሜ ነበር ቢል ማን ይስማው? ፎቶው እየሮጠ ያሳያል። ሁለት ቀን ማለት ለእኛ ቤት ቀላል አይደለም፤ ባጃጁ የራሱ አይደለም፣ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል።

ያቺ እግር የጎረቤታችን የእማማ ናት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሲሳፈሩ ጊዜ ይወስድባቸዋል። መጀመሪያ ከዘራቸውን ይተክላሉ። ከዚያ አንድ እግራቸውን ያስገባሉ። ከዚያ አረፍ ይላሉ። ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚጠብቃቸው፤ እንዳይንቀጠቀጥባቸው። ፊት ለፊቱን ያያል ያልከው እውነት ነው፤ ወደ ኋላ ዞሮ ካያቸው ስለሚያፍሩ ነው።

ተናድጄ አይደለም የምጽፈው። ፎቶውን ግን እባክህ አውርደው። ኦሪጅናሉ ካለህ ስጠን።


ጠባሴ ሌንስ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡35

እህቴ፣ በጣም ይቅርታ። አሁኑኑ ከገጼ ላይ አውርጃለሁ። ያጋሩትንም ሰዎች አንድ በአንድ እየለመንኩ ነው። ኦሪጅናሉ አለኝ። ራሴ ማኅበራቸው ጋ ይዤው እሄዳለሁ። ወንድምሽ የት እንደሚገኝ በውስጥ መስመር ንገሪኝ፣ በአካል ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ።


ሮቢት ማታ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡02

አይዞሽ እህቴ። ጠባሴ ሌንስ፣ ራው ፋይሉን፣ ካሜራው ያስቀመጠውን ያልተነካ ፋይል፣ ይዘህ ሂድ። ሰዓቱም ሻተሩም ውስጡ ተጽፏል።


በሬሳ ዳር
ቅዳሜ፣ ጠዋት 5፡15

ሐሙስ ሌሊት 84 ኪሎ ሜትር ብዬ ሳሰላ ሰው እንደሚጎዳበት አላሰብኩም። ሂሳቡ ግን አሁን ለሹፌሩ ይጠቅመዋል። በ1/125 ባጃጅ በ30 ቢሄድ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። የጎማው ጽሑፍ አይነበብም ነበር። ኦሪጅናሉ ላይ ጽሑፉ ከተነበበ፣ እግርም መሬት ላይ ካለ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ጎማውን አጉልተህ ለብቻው አትመው።


መንዝ ጓሳ
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡20

ለወደፊቱ አንድ ነገር እንስማማ። ሰው ሠራሽ ብለር የገባበት ፎቶ ሥር "በኤዲት የተሠራ" ተብሎ ይጻፍ። የዜና ፎቶ ላይ ጭራሹን አይፈቀድም፤ ያልነበረ መጨመር፣ የነበረውን ማጥፋት ክልክል ነው። እኛ ጋዜጠኞች አይደለንም። ግን መጻፍ እንችላለን።


ሮቢት ማታ
ቅዳሜ፣ ቀን 6፡44

መጻፉ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ጽሑፍ ከፎቶ ጋር አብሮ አይሄድም። ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያው ሰው ሲያጋራው መግለጫው አብሮት ይሄድ ይሆናል። ሁለተኛው ስክሪን ሾት ያደርገዋል፣ ያኔ ፎቶው ብቻውን ነው። ማኅበሩ የደረሰው እንዲያ ሆኖ ይመስለኛል። የከተማችን ሰው ደግሞ ይተዋወቃል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ባጃጅ ማንም አይደለም፤ እዚህ ግን የእገሌ ባጃጅ ነው። ስለዚህ እኔ የሚታወቅ ሰው ወይም የሚታወቅ ንብረት ካለበት ፍጥነት አልጨምርበትም። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ መብራት ላይ ልጫወት እችላለሁ።


በሬሳ ዳር
ቅዳሜ፣ ቀን 7፡10

እስማማለሁ። እኔ የምጠቀምበትን ልናገር። ለሰርግ ፖስተር እጠቀማለሁ፤ ሙሽሮቹ ራሳቸው አይተው ያጸድቁታል። ደግሞ እውነተኛ ፓኒንግ ሞክሬ ለትንሽ ሲያመልጠኝ፣ ከኋላ ያለውን በሄደበት አቅጣጫ ትንሽ አግዘዋለሁ። ሄዷልና። ፎቶሾፕ ላይ የስትሮብ (የብልጭ ድርግም መብራት) ማስተካከያና ሻተሩ ሊዘጋ ሲል የሚበራ ፍላሽ የሚያስመስልም አለ። እሱን ለጭፈራና ለመድረክ እንጂ ለመንገድ አልወደውም።

ለመንገድ እውነተኛ ፍላሽ ለመጠቀም ያሰባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ማታ ሹፌር ዓይን ውስጥ ፍላሽ ማብራት አደጋ ነው።


የድሮ ፎቶ ቤት
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡30

ልጄ ጠባሴ ሌንስ፣ ስህተትህን ወዲያው ስላመንክ ወደድኩህ። አሁን ደግሞ ውጣና እውነተኛውን ሞክረው። ይህች ከተማ ስሟ ራሱ ከብርሃን የመጣ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ከተማቸውን እዚህ ያደረጉት። ብርሃን እዚህ አገር አልጠፋም። ሻተርህን 1/15 አድርግ። እግርህን ገጥመህ አትቁም፣ ከፈት አድርግ። ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ። ከወገብህ ዙር፣ ከእጅህ አይደለም። ባጃጁ ሳይደርስብህ መከተል ጀምር፤ ካለፈህ በኋላም አታቁም። ባትሪህን ደግሞ ጋቢ ውስጥ አሙቀው። ብርዱ ይጨርሰዋል።


ጠባሴ ሌንስ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡55

ሰላም። የሆነውን ልንገራችሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሹፌሩ ጋር ተገናኘን። ሻይ ጠጣን። ሰኞ ጠዋት አብረን ማኅበሩ ጋ ሄድን። ኦሪጅናሉን በትልቁ አትሜ ነበር። የጎማውን ጽሑፍ አሳየኋቸው። የእማማን እግር አሳየኋቸው። ሰብሳቢያቸው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ "ከዘራዋን አወቅኳት" አለ። እገዳው ያኔውኑ ተነሳ። የሁለቱን ቀን ገቢ እኔ ልክፈል ብዬ ነበር፤ ሹፌሩ እምቢ አለ። በምትኩ የባጃጁን ነዳጅ እንድሞላ ተስማማን።

ዛሬ ማታ ደግሞ ራሱ ነዳልኝ። በ25፣ በ30፣ ከዚያ አይበልጥም። ሰው ሳሳ ያለበትን ሰዓት መረጥን። 1/15፣ አፐርቸር 4፣ አይ ኤስ ኦ 1600። ስምንት ጊዜ ተመላለሰ፤ 70 ያህል ፎቶ አነሳሁ። የሚሆኑት ሁለት ናቸው። በአንደኛው የፊቱ ግማሽ ጥርት ብሏል። የሱቁ አምፖል ከኋላው መስመር ሠርቷል። አጉልቼ ፍሬዎቹን ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው፣ በሬሳ ዳር እንዳለው። መስታወቱ ላይ የሱቁ ጽሑፍ የለም፤ ቢጫ ጭረት ብቻ ነው። የኋላው ሸራ ትንሽ ስለሚርገበገብ እርግቧ ክንፏን ያንቀሳቀሰች መስላለች። ይህን እኔ ብፈልግም አልሠራውም ነበር።

ሁለቱንም አሳየሁት፣ የቆመውንም የሚሄደውንም። የሚሄደውን ለስልኩ ወሰደ። እማማ ደግሞ የቆመውን በሰው ልከው ጠይቀውኛል።


የሹፌሩ እህት
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡10

እማማ ፎቶውን አይተው "እግሬ ብቻ ነው እንዴ?" አሉ። ከዚያ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀልልኝ አሉ። ወንድሜ ሞተር አጥፍቶ እንደሚጠብቃቸው እስከዛሬ አላወቁም ነበር። ብርድ ስለሆነ ሞተሩ የሚጠፋ ይመስላቸው ነበር።


ጠባሴ ሌንስ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡18

ጋሼ፣ በስንት በስንት ላሳትምላቸው? ከባጃጁ ሥር ያለው ጥቁር ደግሞ እግራቸውን እንዳይውጠው ፈራሁ።


የድሮ ፎቶ ቤት
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡40

በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር አድርገው። እግራቸው ያለበትን ቦታ ብቻ ግማሽ ስቶፕ ክፈተው፤ ከዚያ በላይ አትንካው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት አታድርግ፣ የቤታቸው አምፖል ይንጸባረቅበታል። ከዘራውን እንዳትቆርጠው።